ግቢ ለምትገቡ፦ ክሬዲት፣ ግሬድና ጂፒኤ እንዴት ነው የሚሠሩት?

ግሬድ ሲለቀቅ በየዶርሙ የሚነሳ ክርክር አለ። ሁለት የአንድ ክፍል ልጆች እኩል ኤ፣ እኩል ቢ፣ እኩል ሲ አምጥተዋል፤ ጂፒኤያቸው (አማካይ ውጤታቸው) ግን አይገናኝም። አንደኛው «ሬጅስትራር ተሳስቷል» ብሎ ሊሟገት ይነሳል። ሬጅስትራር፣ ማለትም ምዝገባና ውጤት የሚይዘው ክፍል፣ አልተሳሳተም። አንዱ ኤ ያመጣው ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ነው፣ ሌላው ባለ 2 ክሬዲት ላይ። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን ብዙ ተማሪ ይህን በደንብ የሚረዳው ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ውጤቱን ከፍ ማድረግ ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ገና ፍሬሽ ሳላችሁ ብታውቁት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። የምናገረው ስለ አገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ ስለ ግል ኮሌጆች መጨረሻ አካባቢ ትንሽ እላለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዲግሪው ርዝመት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት) ፕሮግራም ስለተመለሰ ድሮ በ3 ዓመት ያልቅ የነበረው አብዛኛው ዲግሪ አሁን 4 ዓመት ነው። ኢንጂነሪንግና ሕግ 5 ዓመት ይፈጃሉ፣ ሕክምና ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። 12ኛ ክፍል ላይ 50 በመቶ ሳይሞላላችሁ ሪሜዲያል (የአቅም ማሻሻያ ትምህርት) የገባችሁ ካላችሁ፣ እዚያ የምትማሩት ለዲግሪው ክሬዲት አይቆጠርም። መግቢያ በር ነው እንጂ የዲግሪው አካል አይደለም።

ፍሬሽማን ላይ የምትወስዱት ኮርስ በአብዛኛው አገር አቀፍ ነው፤ የትም ግቢ ብትመደቡ ያው ነው። እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ማትስ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ እና የመሳሰሉት። ተማሪው እነዚህን «ኮመን ኮርስ» ይላቸዋል፤ አጠራሩ ላይ ራሱ ንቀት አለ። «እኔ ሶፍትዌር ልማር ነው የመጣሁት፣ አንትሮፖሎጂ ምን ይሠራልኛል» የሚል ልጅ በየባቹ አይጠፋም። ኮርሱ ይጥቀም አይጥቀም ሌላ ክርክር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ያ ልጅ ሶፍትዌር የሚገባው ወይም የማይገባው በአንትሮፖሎጂው ውጤት ጭምር ነው። ዲፓርትመንት ስትመርጡ ዋናው መወዳደሪያ የፍሬሽማን ጂፒኤ ነው፤ አንዳንድ ግቢ የ12ኛ ክፍል ውጤትም ይደምርበታል።

ወደ ክሬዲቱ እንምጣ። ሁለት ዓይነት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ ክሬዲት አወር ሲሆን ሌላው ኢሲቲኤስ የሚባለው ከአውሮፓ የመጣው አቆጣጠር ነው። 1 ክሬዲት አወር ማለት በሳምንት 1 ሰዓት ሌክቸር ነው፣ ሴሚስተሩን ሙሉ። ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል ያስገባችኋል ማለት ነው። ላብ ከሆነ ግን አቆጣጠሩ ይለያል፤ ለ1 ክሬዲት 2 ወይም 3 ሰዓት ላብ ውስጥ ትቆማላችሁ። የላብ ቀን ድካሙ ከክሬዲቱ ጋር አልመጣጠን የሚለው ለዚህ ነው።

ኢሲቲኤስ ደግሞ የሚቆጥረው መምህሩ የሚያስተምርበትን ሰዓት ሳይሆን የእናንተን ጠቅላላ ልፋት ነው። ክፍል የተቀመጣችሁበት፣ ቤተ መጻሕፍት ያነበባችሁበት፣ አሳይመንት የሠራችሁበት፣ ለፈተና የተዘጋጃችሁበት ሁሉ ይገባበታል። በአገራችን ካሪኩለም 1 ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ተብሎ ነው የተቀመጠው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ስለሆነ 135 ሰዓት ይሆናል። እስቲ አስሉት፤ በ16 ሳምንት ውስጥ ክፍል የምትቀመጡት 48 ሰዓት ነው፣ የቀረው 87 ሰዓት የናንተ ነው። ለአንድ ኮርስ በሳምንት ከ5 ሰዓት በላይ በራሳችሁ ታነባላችሁ ተብሎ ታቅዷል ማለት ነው። ስድስት ኮርስ ከያዛችሁ ክፍሉንም ጨምሮ በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያነብ ሰው አላውቅም፣ ሰቃዮቹም ቢሆኑ። ግን መምህሩ ሁለት ምዕራፍ ዘሎ «ይህን ራሳችሁ አንብቡት» ሲል ከየት አምጥቶ እንደሆነ አሁን ገባችሁ። ከዚያችው 87 ሰዓት ላይ ነው።

አሁን ዋናው፣ ጂፒኤ። እያንዳንዱ ፊደል ነጥብ አለው። በብዙዎቹ ግቢዎች ኤ ፕላስ እና ኤ ሁለቱም 4 ናቸው። ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5፣ ቢ 3፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ ዜሮ። የግቢያችሁን ስኬል ግን ከሬጅስትራር ወይም ከተማሪዎች መመሪያ ላይ እዩት፣ ትንሽ ልዩነት ሊኖር ይችላል። የኮርሱን ክሬዲት በነጥቡ ታባዛላችሁ፣ ሁሉንም ትደምራላችሁ፣ ለጠቅላላ ክሬዲት ታካፍላላችሁ። በቃ።

በምሳሌ እንየው። አንድ ልጅ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ፕላስ አመጣ፤ 4 በ2.5 ሲባዛ 10። በሦስት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶች ቢ፣ ኤ ማይነስ እና ቢ ፕላስ አለው፤ 9፣ 11.25 እና 10.5። ባለ 2 ክሬዲቷ ላይ ኤ፤ 8። ድምሩ 48.75፣ ክሬዲቱ 15፣ ሲካፈል 3.25። አሁን ይህ ልጅ ከባዷ ኮርስ ላይ ትንሽ ገፍቶ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ቢያሳድጋትስ? 3.38 ይሆንለታል። ይህን ለማድረግ ሲል ባለ 2 ክሬዲቷ ከኤ ወደ ኤ ማይነስ ብትወርድበትስ? በእሷ ምክንያት የሚያጣው 0.03 ብቻ ነው፤ አሁንም ከድሮው በብዙ ይበልጣል።

ተማሪው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። የሚወዳትን ቀላል ኮርስ ደጋግሞ ያነባል፣ ከባዷን «እሷማ ለማንም አትሆንም» ብሎ ይተዋታል። ፋይናል ሲደርስ ፕሮግራማችሁን ስታወጡ ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን ክሬዲቱን ጻፉ። የንባብ ሰዓታችሁን በዚያ ልክ አካፍሉት። ሌላ ሚስጥር የለውም። ፊዚካል ፊትነስ ለምሳሌ ፓስ ወይም ፌይል ነው፤ ማለፍ አለባችሁ እንጂ ጂፒኤ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ እሱ ላይ መጨነቅ የለም።

ከሴሚስተሩ ውጤት ጎን ሌላ ቁጥር አለ፣ ኪሙሌቲቩ። ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ የወሰዳችሁት ሁሉ አንድ ላይ የሚሰላበት ማለት ነው። የምትመረቁትም፣ ሥራ የምትወዳደሩትም፣ ማስተርስ የምታመለክቱትም በዚህ ነው። ስለ ኪሙሌቲቭ ማወቅ ያለባችሁ አንድ ነገር ቢኖር ከጊዜ ወደ ጊዜ ለመንቀሳቀስ እየከበደ መምጣቱን ነው። አንዷ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 2.80 አመጣች እንበል። ቀጣዩ 15 ክሬዲት ላይ ሁሉንም ኤ ብትደፍን ኪሙሌቲቯ 3.40 ይደርሳል። ሌላዋ ደግሞ 90 ክሬዲት ጨርሳ 2.80 ላይ ናት። እሷም በ15 ክሬዲት ሁሉንም ኤ ደፈነች። ስንት ደረሰች? 2.97። ያው ልፋት፣ ያው ኤ፣ ግን 3 እንኳ አልሞላላትም። «ጂሲ (ተመራቂ ዓመት) ስሆን አነሳዋለሁ» የሚለው ዕቅድ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፣ ሒሳቡ አይፈቅድም። ፍሬሽማን ላይ ያለው ኤ ከማንም ኤ በላይ ርካሽ ነው፣ ኮርሶቹም ገና ወደ ዲፓርትመንቱ ጥልቀት አልገቡም።

ለመመረቅ የሚያስፈልገው ቢያንስ 2.00 ነው። ማዕረግ የሚፈልግ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ ከ3.25 ጀምሮ ዲስቲንክሽን፣ ከ3.50 ግሬት ዲስቲንክሽን፣ ከ3.75 በላይ ቬሪ ግሬት ዲስቲንክሽን ያገኛል።

ከታች በኩል ደግሞ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ፕሮቤሽን (በክትትል መቆየት) እና ዲስሚሳል (መባረር) አሉ። መስመሩ በየዓመቱና በየሴሚስተሩ ይለያያል፤ ፍሬሽ ላይ ትንሽ ይታገሷችኋል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ዝርዝሩ የሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሕግ ውስጥ ነው። ከሲኒየር የሰማችሁትን አትመኑ፣ ሲኒየሩ የሚያወራችሁ በእሱ ባች ጊዜ የነበረውን ነው። ሕጉ ረጅም ነው፣ ግን ማንበብ ያለባችሁ ስለ ግሬድና ስለ አካዳሚክ ስታተስ የሚናገረውን ክፍል ብቻ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ስታነቡ ኮርስ የደገመ ተማሪ የድሮ ግሬዱ ምን እንደሚሆን፣ ስንት ጊዜ መድገም እንደሚፈቀድ፣ የተባረረ ተማሪ በሪአድሚሽን የሚመለሰው በምን ሁኔታ እንደሆነ ምልክት አድርጉበት።

ግሬድ ሪፖርት ላይ ከፊደላቱ ሌላ የሚያስደነግጡ ነገሮችም አሉ። ኤንጂ ካያችሁ ግሬድ አልገባላችሁም ማለት ነው፤ ወይ ፋይናል አልተፈተናችሁም፣ ወይ አንድ ውጤት ጎድሏል። ኢንኮምፕሊት ደግሞ በበቂ ምክንያት፣ ለምሳሌ በሕመም፣ ያልተሟላ ኮርስ ነው። ሁለቱም የጊዜ ገደብ አላቸው፤ ዝም ካላችኋቸው ወደ ኤፍ ይቀየራሉ። ከታመማችሁ የሕክምና ማስረጃውን የዚያኑ ሰሞን አስገቡ፤ ፈተናው ካለፈ ከወር በኋላ የሚመጣ ወረቀት የሚያምን የለም። ኤፍኤክስ የሚባል ካለ ከኤፍ ይሻላል፤ ኮርሱን ሳትደግሙ ፈተናውን ብቻ ደግማችሁ የምትቀመጡበት ዕድል ይሰጣል። ግሬዳችሁ አላግባብ ዝቅ ያለ ከመሰላችሁ መጀመሪያ መምህሩን፣ ከዚያ ዲፓርትመንቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑ ሳያልፍ። በጨዋ ደንብ መጠየቅ መብት ነው፣ «መምህሩ ይቀየመኛል» ብላችሁ አትተዉት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ፕሪሪኩዊዚት፣ ማለትም ሌላ ኮርስ ለመውሰድ አስቀድሞ መታለፍ ያለበት ኮርስ፣ ነው። እዚህ እንደ አሜሪካ ኮሌጆች ኮርስ እየመረጣችሁ ፕሮግራም አታወጡም፤ የትኛው ሴሚስተር ላይ ምን እንደምትወስዱ አስቀድሞ ተደልድሎ ተቀምጧል፣ ክፍሉ በሙሉ አብሮ ነው የሚሄደው። ጥቅሙ ስለ ምዝገባ አታስቡም። ጉዳቱ የሚታየው አንዲት ኮርስ ስትወድቁ ነው። ብዙ ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ያች ኮርስ ለቀጣዩ መሠረት ከሆነች ቀጣዩን መውሰድ አትችሉም፣ የእሱን ቀጣይም እንዲሁ። አንድ ኤፍ ሙሉ ዓመት የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። የዲፓርትመንታችሁን ካሪኩለም እንዳገኛችሁ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚከፍት በእስክሪብቶ በቀስት አያይዙት። ቀስት የበዛባት ኮርስ ላይ ቀልድ የለም፣ ክሬዲቷ ትንሽም ቢሆን።

በቤተሰብ ጉዳይም ሆነ በሕመም መቀጠል ካቃታችሁ ደግሞ ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት መሄድ ሳይሆን ሬጅስትራር ሄዶ ዊዝድሮዋል (በሕጋዊ መንገድ የማቋረጫ ቅጽ) መሙላት ነው ያለባችሁ። ሞልቶ የወጣ ተማሪ ተመልሶ ካቆመበት ለመቀጠል በር አለው። ዝም ብሎ የጠፋ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ መመለሱ ፈተና ይሆንበታል፣ የያዛቸው ኮርሶችም ኤፍ ሆነው ሊጠብቁት ይችላሉ። የአንድ ቀን ወረፋ ነው ልዩነቱ።

ሁሉንም ክሬዲት ጨርሳችሁ፣ 2.00ም አልፋችሁ፣ አሁንም ዲግሪው እጃችሁ አልገባም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የወደቀ ኮርስ አይደግምም፣ በሌላ ዙር እንደገና ይፈተናል፤ እስኪያልፍ ግን ዲግሪ የለም። ጥያቄው የሚወጣው ከዲፓርትመንት ኮርሶች ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ የያዛችሁትን ማስታወሻና ሃንድአውት «ግሬድ ወጥቷል» ብላችሁ አትጣሉት።

ግል ኮሌጅ የምትማሩ፣ የክሬዲቱና የግሬዱ ሒሳብ ያው ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት ማረጋገጥ ያለባችሁ ግን ኮሌጁ ፈቃድ አለው ወይ የሚለውን ብቻ አይደለም። ፈቃድ የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ ነው። አካውንቲንግ ለማስተማር የተፈቀደለት ኮሌጅ ነርሲንግ አልተፈቀደለት ይሆናል፣ አንዱ ቅርንጫፍ ያለው ሌላው ላይኖረው ይችላል። ማስታወቂያውን ሳይሆን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ።

ስለ ወረቀት ደግሞ። በየሴሚስተሩ የግሬድ ሪፖርታችሁን አትሙና አስቀምጡ፤ ሲስተሙ ላይ የጠፋ ወይም የተቀየረ ግሬድ ሲያጋጥም መከራከሪያችሁ እሱ ነው። መንግሥት ግቢ ገብታችሁ የምትፈርሙት ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ውል) ዕዳ መሆኑን አትርሱ፣ ኮፒውን ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን በየኮርሱ መጀመሪያ መምህሩ የሚሰጣችሁን ኮርስ አውትላይን (የኮርሱን ይዘት ዝርዝር) ሰብስቡ፣ በስልክም ቢሆን ፎቶ አንሱት። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብትዛወሩ ወይም ውጭ አገር ብታመለክቱ ትራንስክሪፕቱ የሚናገረው የኮርሱን ስምና ክሬዲት ብቻ ነው፤ ይህን ኮርስ በእርግጥ ተምራችሁታል ወይ ሲሉ የሚመለከቱት አውትላይኑን ነው። ከምርቃት ሦስት ዓመት በኋላ ዲፓርትመንት ሄዳችሁ «የ2ኛ ዓመት አውትላይን ስጡኝ» ብትሉ መምህሩ ለትምህርት ሄዷል፣ ጸሐፊዋም ተቀይራለች።