ስለ አንጎል ደጋፊ ሴሎች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የአንዲት ጓደኛዬ እናት አልዛይመር ይዟቸዋል። በቀደም ደውላ «አንጎል ውስጥ መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) አለ ይላሉ፤ ታዲያ ለእማዬ አይቡፕሮፌን ጠዋት ማታ ብሰጣትስ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ስለ ግሊያ፣ ማለትም ስለ አንጎል ደጋፊ ሴሎች፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ነገር ጥያቄዋ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስሙ ያሳስታል። ግሊያ በግሪክኛ ሙጫ ማለት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን ያወጣላቸው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾው ነው። ሙጫ ግን አያጸዳም። አስትሮሳይት የሚባሉት ግሊያዎች ግን፣ ነርቮች ሲነጋገሩ የሚረጩትን ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ይለቅማሉ፤ ካልተለቀመ ነርቩን ይገድለዋል።

«ከነርቭ ሴል 10 እጥፍ ይበልጣሉ» የሚለውንም ተዉት። በ2009 የወጣ ቆጠራ ያገኘው 86 ቢሊዮን ነርቭና 85 ቢሊዮን ገደማ ሌሎች ሴሎች ነው።

ሌላው ስህተት ግሊያን ነርቭ ከሞተ በኋላ እንደሚመጣ ቀባሪ ማየት ነው። በ2013 ትሬም2 በሚባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ለውጥ አልዛይመር የመያዝን ዕድል 3 እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ ታወቀ። ይህ ጂን አንጎል ውስጥ በዋናነት የሚሠራው ደግሞ ማይክሮግሊያ በሚባሉት፣ አንጎልን በሚጠብቁት የግሊያ ዓይነቶች ውስጥ ነው። ችግሩ ከጠባቂዎቹም ሊነሳ ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን «ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ማይክሮግሊያ ቀጫጭን እጆቻቸውን ዘርግተው ቀን ከሌት ሰፈራቸውን ይዳስሳሉ። አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን አንድ ቦታ ሲከማች ይከቡታል፣ እንደ አጥር ዙሪያውን ይዘው የቻሉትን ይበላሉ፤ ሥራው ለዓመታት አላልቅ ሲል ግን እነዚያው ጠባቂዎች በነርቮች መካከል ያለውን ጤነኛ መገናኛ ጭምር መብላት ይጀምራሉ።

ስለዚህ ለጓደኛዬ «አትስጫት» አልኳት። እንደ አይቡፕሮፌን መቆጣትን የሚያበርዱት ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብ የሚባሉ መድኃኒቶች በአዛውንቶች ላይ ተሞክረው አልዛይመርን አልተከላከሉም። አይቡፕሮፌንም በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራ ሊያደማ፣ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

እንዲያውም በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሌካኔማብ የሚባል የአልዛይመር መድኃኒት በተቃራኒው ነው የሚሄደው። አሚሎይዱ ላይ ተለጥፎ «ይሄን ብሉ» ብሎ ማይክሮግሊያን ይጠራል። በሽታውን በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ያዘገየዋል እንጂ አያድንም፤ አንጎል ሊያብጥ ወይም ሊደማ ስለሚችልም በየጊዜው ኤምአርአይ መነሳት ያስፈልጋል።