የድርጭቶቼ አናት መቁሰል እንዴት እንደቆመ

ከአራቱ ድርጭቶቼ የሁለቱ አናት ላባው ተነቅሎና ቆዳው ቆስሎ ባገኘሁት ጊዜ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ወንዱን ነበር፤ ሆኖም ለብቻው ከለየሁት በኋላም ቁስሉ አልቆመም። ጥፋቱ የቤቱ መሆኑን የተረዳሁት አንድ ምሽት ድመት በአጠገባቸው ስታልፍ ነው። ድርጭት ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ የሽቦው ጣሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ስለነበረው፣ ፍጥነት እንዲያገኙ የሚበቃ፣ ከግጭት ለመዳን ግን የማይበቃ ቦታ ሰጥቷቸው ነበር።

ስለዚህ ጣሪያውን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ከሥሩ ጆንያ ላላ አድርጌ ወጠርኩበት። ሌላው አማራጭ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ማቆያ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ግን የለኝም።

እግራቸውን መላጥ የጀመረውን የሽቦ ወለል በጣውላ ተክቼ፣ ቀለም ካልነካው እንጨት የወጣ የመላጊያ ፍቅፋቂ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አነጠፍኩበት፤ ሲረጥብም ወዲያው እቀይረዋለሁ። ቤቱን የሠራልኝ አናጢ እንደ ዶሮ ቤት አስቦ ያስገባውን ቆጥም ነቀልኩት፤ እነዚህ ወፎች መሬት ላይ እንጂ ከፍ ብለው አያድሩም። በምትኩ የሚሸሸጉበት ቅጠላም ቅርንጫፍና የሚንከባለሉበት ደረቅ አሸዋ በሰፊ ሳህን አስቀመጥኩ። ሦስቱን ጎን በጣውላ ስለጋረድኩ ነፋስ አያገኛቸውም፣ ድመቷንም አያዩአትም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቁስል አላየሁም፤ በተላጠው አናታቸው ላይም ላባ መብቀል ጀምሯል።