አሮጌ ስፖርት መኪና ስትገዙ ካርቡሬተሩን እንዲህ እዩት

ኤምጂቢ የሚባለውን የድሮ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ለማየት ስሄድ ሻጩን አስቀድሜ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩን አታሙቅልኝ። እንደደረስኩ እጄን ኮፈኑ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ከጠበቀኝ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። የካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ችግር የሚጋለጠው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው።

ከ1975 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ኤምጂቢዎች አንድ ስትሮምበርግ የሚባል ካርቡሬተር ብቻ ነበራቸው። ብዙዎቹ ዛሬ ዌበር የሚባል ሌላ ካርቡሬተር ተገጥሞላቸዋል። መቀየሩ በራሱ ጥፋት አይደለም። 32/36 የሚባለው የዌበር ሞዴል በደንብ ከተገጠመ ለመንገድ ጥሩ ነው። ትልቁ 45 ዌበር ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን የጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈው ትንሽ ቀዳዳ) መጠን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ፣ አልተስተካከለም ብዬ ነው የምደራደረው።

አሁን ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን፣ ቤንዚን ስትረግጡ የሚዞረውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከተወዛወዘ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞው (ቤንዚን ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አይረጋም። አንዴ ይህን ሳላይ ገዝቼ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በካቻቢቴ ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ ከረምኩ። ለካ የተበላው ዘንጉ ነበር።

ከዚያ ካንዴላ አስፈቱ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ አንሷል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፣ ፒስተን ያቃጥላል።

የድሮው ካርቡሬተር ካለ ከነማኒፎልዱ (ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ) ተቀበሉ። ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ ደግሞ ከ1976 ሞዴል ጀምሮ የጭስ ምርመራ አለ፤ ያልተፈቀደ ካርቡሬተር አያልፍም።