ለድሬዳዋ ሙቀት የጽጌረዳ ውሃ

በግቢያችሁ ሽታዋ ደጅ ድረስ የሚያውድ ጽጌረዳ ካለች፣ አበባዋ ረግፎ በመጥረጊያ እንዲወጣ አትፍቀዱ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ በጽጌረዳ ውሃ የራሰ ጨርቅ ግንባር ላይ እንደማድረግ የሚያሳርፈኝ ነገር የለም።

አበባውን በማለዳ ልቀሙ፤ መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ሙቀት ሲበረታ ይተናል። ድስት መካከል ባዶ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። ዙሪያውን አበባውን በትኑና እስኪሸፈን ብቻ ውሃ ጨምሩ። ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙ፣ በላዩ በረዶ ደርድሩ። በለስላሳ እሳት ሲፈላ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ወደ እጀታው ተንሸራትቶ ጠብ፣ ጠብ እያለ ሳህኑ ውስጥ ይጠራቀማል። እሱን በንጹሕ ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኑሩት።

ድስቱ ውስጥ የቀረውንም አትድፉት! አጥልላችሁ ለብ ሲል ተጉመጥመጡበት፤ አፍን ጨምደድ የሚያደርገው ታኒን የተባለው የአበባው ንጥረ ነገር የተቆጣ ጉሮሮን ያስታግሳል ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይሠራበታል።

አደራ፣ ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ አትጠቀሙ፤ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። ቤት የተሠራውን ደግሞ ዓይን ውስጥ አትጨምሩ፤ ከጀርም የጸዳ አይደለም።