አፍሪካን ቫዮሌት ማዳቀል፦ ፍሬ ከማጣት እስከ አዲስ ዝርያ መግለጫ

አፍሪካን ቫዮሌት፣ ቤት ውስጥ በፖት የምትተከለው ትንሿ የአበባ ተክል፣ ከሩቅ አልመጣችም። እ.ኤ.አ. በ1892 ባሮን ቫልተር ፎን ሴንት ፖል የተባለ ጀርመናዊ ሹም ከኡሳምባራ ተራሮች፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ወደ አገሩ ላካት። በዓመቱ ኸርማን ቬንድላንድ ሳይንሳዊ ስም አወጣላት። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሏት። ሁለት ፖትና አንድ ብርሃናማ መስኮት ያለው ሰው በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ሊጨምር ይችላል። ማዳቀሉ ራሱ፣ ማለትም የአንዱን አበባ የወንዴ ዱቄት ወደ ሌላው አበባ ሴቴ ማድረስ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አዳቃዮች የሚያነሷቸው ቅሬታዎች ከነመፍትሄያቸው እነሆ።

«አዳቀልኩ፣ አበባው ግን ጠውልጎ ረገፈ»

ብዙውን ጊዜ ዱቄቱ ቦታው አልደረሰም ማለት ነው። አበባው መሃል የሚታዩት ሁለት ቢጫ ከረጢቶች ዱቄት ይመስላሉ፤ ዱቄቱ ግን ውስጣቸው ነው። ስለዚህ ላያቸውን በብሩሽ መዳበስ ዋጋ የለውም። ከረጢቶቹን በወረንጦ ቁረጡና ጥቁር ወረቀት ላይ አድርጉ። አንዱን በምላጭ ጫፉ ላይ ሰንጥቁትና ነካ ነካ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ደቃቅ፣ ነጣ ያለ ብናኝ መታየት አለበት። ካልታየ ከረጢቱ ገና እርጥብ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ይድረቅ።

ዱቄቱ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከሴቴዋ በኩል ይሆናል። ከመሃል ወደ ጎን ዘንበል ያለችው ቀጭን ዘንግ እሷ ናት። አበባው በተከፈተ ዕለት ጫፏ ደረቅ ነው፣ ዱቄት አይይዝም። ጥቂት ቀን ቆይቶ ትንሽ ማጣበቅ ሲጀምር ብናኙን በስቲኪኒ ጫፍ አስነኩት። ሁለት ሦስት አበባ ላይ ብትሞክሩ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ብርድ ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያስብለው የአዲስ አበባ ሌሊት ለቫዮሌት አይሆንም። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ትወዳለች፤ ቤታችን ደግሞ ማሞቂያ የለውም። በዚያ ወቅት ማታ ማታ ከመስታወቱ አርቋት።

ከያዘ በሁለት ሳምንት ገደማ የአበባው ሥር ያብጣል። ያኔውኑ አገዳው ላይ ትንሽ ምልክት እሰሩ፦ የእናት (ፍሬ የያዘችው) ስም መጀመሪያ፣ ቀጥሎ የአባት (ዱቄቱን የሰጠው)፣ ከዚያ ቀኑ። በኋላ አስታውሰዋለሁ የሚል ሰው አያስታውሰውም።

«ፍሬው ወራት ቆጠረ፣ አሁንም አረንጓዴ ነው»

ምንም አልሆነም። ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ቡናማ ሆኖ ሲጨማደድ ብቻ ቁረጡት። ጥቂት ሳምንት ደረቅ ቦታ ካቆያችሁ በኋላ ክፈቱት።

«ዘሩ አልበቀለም»

አፈር አልብሳችሁት ይሆናል። የቫዮሌት ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀል ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። እርጥብ ኮኮፒት (ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራ የመትከያ ብናኝ) ላይ በትኑት፣ አትሸፍኑት፣ ውሃም ከላይ አታፍስሱበት። ክዳን ባለው የፕላስቲክ የኬክ ዕቃ ውስጥ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ብርሃናማ ቦታ አስቀምጡት። በሁለት ሦስት ሳምንት አረንጓዴ ነጠብጣብ ታያላችሁ።

«በቅሎ ነበር፣ አንድ ሌሊት ተኝቶ አደረ»

ሻጋታ ነው። የወደቀው አይነሳም፤ የቀረውን አድኑ። ክዳኑን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ክፈቱ፣ ውሃ ቀንሱ። ለሚቀጥለው ጊዜ ኮኮፒቱን ከመዝራታችሁ በፊት በፈላ ውሃ አጥባችሁ አቀዝቅዙት።

«ሮዝ ፈልጌ ነበር፣ ሁሉም ሰማያዊ ወጡ»

ይሄ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ተስፋ መቁረጥ ግን አያስፈልግም። በቫዮሌት ሰማያዊ በሮዝ ላይ ያይላል። ሰማያዊ እናት ከሮዝ አባት ጋር ብታዳቅሉ ልጆቹ ሁሉ ሰማያዊ ሊሆኑ ይችላሉ። ሮዙ አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ከልጆቹ ሁለቱን እርስ በርስ አዳቅሉ፣ ወይም አንዱን በራሱ ዱቄት። በሚቀጥለው ትውልድ ከአራት አንድ ገደማ ሮዝ ትጠብቃላችሁ። ብልሃተኛው አዳቃይ የመጀመሪያውን ትውልድ የማይጥለው ለዚህ ነው።

ቅጠሉ ነጭ ዥንጉርጉር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ቶሚ ሉ የሚባለው ዥንጉርጉርነት የሚተላለፈው በእናት በኩል ነው። ዥንጉርጉሯን አባት አድርጋችሁ ከሆነ፣ ደጋግማችሁ ብትሞክሩም አረንጓዴ ቅጠል ነው የምታገኙት። ቦታ አቀያይሯቸው።

«ከቅጠል አባዛሁት፣ እናቱን አይመስልም»

አዲስ ዝርያ ነው ወይስ የአንድ ቀን እንግዳ የሚለው የሚለየው እዚህ ነው። በእኔ እምነት ከመላው ሥራ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው።

አበባው ላይ ከመሃል ወደ ጫፍ የሚሮጥ ጥርት ያለ መስመር ካለ፣ ካይሜራ የሚባለው ዓይነት ሊሆን ይችላል። የላይኛውና የውስጠኛው የሴል ድርብ በዘር ይለያያሉ። ከቅጠል የሚወጣው ልጅ ከአንዱ ድርብ ብቻ ስለሚነሳ መስመሩ ይጠፋል። መፍትሄው ከጎን የሚወጣውን ቡቃያ መትከል ነው። ቡቃያ እምቢ ካለች የመሃል አናቷን ቁረጡ፤ ያን ጊዜ ከጎን ታወጣለች።

ርጭት ወይም ነጠብጣብ ያለበት አበባ ከሆነ ግን ካይሜራ ላይሆን ይችላል። እነዚህ በባሕሪያቸው ይለዋወጣሉ፤ ከልጆቹ አንዳንዱ ነጠብጣቡን ጥሎ አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። ቅጠል የምትወስዱት ነጠብጣቡ አበባው ላይ በግልጽ ከሚታየው ተክል ይሁን። የተለወጠውን ለዘመድ ስጡ፤ በዚያ ስም ግን አትጥሩት።

የቫዮሌት ዝርያዎችን የሚመዘግበው እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የአሜሪካ የአፍሪካን ቫዮሌት ማኅበር ነው። ዝርያው ሳይለወጥ ሦስት ትውልድ መባዛቱን ይጠይቃል። የመጀመሪያ አበባዋን አይታችሁ ስም አትስጡ። ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር እስክታወጣ ቆዩ።

«መግለጫ ጻፍኩ፣ ያነበበው ሰው ሌላ አበባ አሰበ»

«የሚያምር ሮዝ አበባ፣ ለስላሳ ቅጠል» መግለጫ አይደለም፣ ሙገሳ ነው። እንዲህ ሲሆን ግን ይለያል፦

*አበባ፦ ከፊል ድርብ፣ ኮከብ ቅርጽ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ጠርዙ ሰፋ ያለ ነጭ። ቅጠል፦ መካከለኛ አረንጓዴ፣ ላዩ ጎርበጥባጣ፣ ጀርባው ቀላ ያለ። መጠን፦ ከፊል ሚኒ።*

ከፊል ድርብ ማለት የአበባ ቅጠሉ ከነጠላ አበባ የበዛ፣ ከሙሉ ድርብ ግን ያነሰ ነው። መጠኑ በግምት አይጻፍም። ከቅጠል ጫፍ እስከ ማዶኛው ቅጠል ጫፍ ለኩ፦ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሚኒ ናት፣ ከ15 እስከ 20 ከፊል ሚኒ፣ ከዚያ በላይ መደበኛ። ከመለካታችሁ በፊት የጎን ቡቃያዎቹን አንሱ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ሁለት ተክል ነው።

ቀለሙን ከስልክ ፎቶ አትጻፉ። ካሜራ ወይን ጠጁን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ አምፖል ደግሞ ሮዙን ብርቱካን። ቀን፣ ጥላ ቦታ፣ በዓይናችሁ እዩት። የእንግሊዙ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የቀለም ካርድ ካገኛችሁ ቁጥሩን ጻፉ፤ ክርክር ይቀንሳል። ነጭ ጠርዙም በሙቀት ይሰፋል ይጠባል። ስለዚህ በበጋም በክረምትም ያያችሁትን አካቱ።

የቀረው ስም ነው። ከ1959 ወዲህ የሚወጣ የዝርያ ስም በላቲን መሆን አይችልም፤ በአማርኛ ግን ይቻላል፣ በነጠላ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ለሌላ ቫዮሌት የተሰጠ ስም አይደገምም። ስለዚህ ፖቱ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት መዝገቡን ፈትሹ፤ «ሮዝ» ምናምን የሚል ስም አስባችሁ ከሆነ ቀድሞ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስት አማራጭ ያዙ።