ለማታ ተማሪዎች ጂኦሎጂ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማታ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውሎ ነው ክፍል የሚገባው። የመንገድ ሥራ ፎርማን አለ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ አለ፣ የጂኦግራፊ መምህርት አለች። መሬትን በእጃቸው ያውቋታል። እነሱን ማስተማር የምወደውም ለዚህ ነው። ይህን ዕድል የሚያበላሹ ነገሮች ግን አሉ።

የመጀመሪያው በትርጓሜ መጀመር ነው። "ማዕድን ማለት..." ብሎ ሰሌዳ መሙላት የደከመን ሰው ያስተኛል። ድንጋይ ይዘው ይግቡ። ጥቁር ባዛልትና የኖራ ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። ይዳስሱት፣ ያንሱት። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሁለቱም ላይ ጠብ ያድርጉ። የኖራ ድንጋዩ ሽሽ ብሎ አረፋ ያወጣል፣ ባዛልቱ ምንም አይሆንም። "ለምን?" የሚለው ጥያቄ ከነሱ ይመጣል። ትርጓሜው ያኔ ይድረስ።

ሁለተኛው የሚያውቁትን ሳይጠይቁ ማለፍ ነው። "ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ግድግዳ ለምን ይሰነጠቃል?" ይበሉና ያዳምጡ። ፎርማኑ አፈሩ ክረምት ላይ እንደሚያብጥ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እንደሚያወጣ፣ ዋልካው ተጠርጎ በሌላ አፈር እንደሚተካ ይነግርዎታል። እርስዎ የጎደለውን ይጨምሩ፦ ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን በንብርብሮቹ መካከል ውሃ ያስገባል፤ ሲደርቅ ይሸማቀቃል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ በአክብሮት ስም ዝም ማለት ነው። ተማሪው በዕድሜ ሲበልጥዎት ማረም ይከብዳል። ግን አንድ አባት "አፋር ላይ መሬቱ በአንድ ሌሊት ለሁለት ሊከፈል ነው" ቢሉ ሰምቶ ማለፍ በደል ነው። ከደመወዛቸው ቀንሰው የሚከፍሉት እውነቱን ለማወቅ ነው። "ጋሼ፣ እንዲህ ያሰኘዎት ምን ሰምተው ነው?" ብለው ይጀምሩ። የሰሙት መሠረት አለው። መስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ደባሁ በሚባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስፍራ ተሰነጠቀ፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። መሬቱ የሚራራቅበት አማካይ ፍጥነት ግን በዓመት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉላቸው። ጋሼ አያፍሩም፣ ክፍሉም ይማራል።

የድንጋይን ዕድሜ በቁጥር ብቻ መናገርም አይሠራም። "30 ሚሊዮን ዓመት" ሲባል ማንም ምንም አይታየውም። የጎጃምን መንገድ ያንሡ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከላይ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ባዛልት አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ አገሩ ባሕር በነበረበት ጊዜ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተከማቸ ነው። ከዚያ ጂፕሰም፣ ታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ። በአውቶቡስ መስኮት ስንቴ አይተውታል! እዚህ ላይ እምነትን የሚነካ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አይሽሹት፣ አይቀልዱበትም። ዕድሜው እንዴት እንደሚለካ ያሳዩ፦ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለው አንዱ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል።

የመስክ ጉዞንም በድንገት አይጥሩ። ፈረቃ የሚቀይር፣ ልጅ የሚያስጠብቅ ሰው አለ፤ ከወር በፊት ይንገሯቸው። ሩቅ መሄድ ግድ አይደለም። ከተማ ዳር ያለ የድንጋይ ካባ ይበቃል። እሑድ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ስላሉ ከሰዓት ያድርጉት።