ጋንቾ ከመግጠምህ በፊት ቁልፉን ኪስህ ክተት

የግራ እጄ አመልካች ጣት ጫፉ ጎበጥ ያለ ነው። ለአንድ አይሱዙ ጋንቾ፣ ማለትም መኪና የሚጎተትበትን መንጠቆ፣ ልገጥም ከሥሩ በክሪክ ደግፌዋለሁ፤ የጋንቾው ቀዳዳ ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጽም፣ ቀዳዳ ጋር መገናኘቱን በጣቴ ስዳብስ፣ ሹፌሩ ሬዲዮ ልክፈት ብሎ ጋቢና ገባና የእጅ ፍሬኑን ነካው። መኪናው የሄደው ስንዝር አይሞላም። ለጣት ግን ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ዓባይ ማዶ ባለችው ጋራዣችን ሥራ የሚጀመረው ቁልፉን ከሹፌሩ በመቀበል ነው። የእጅ ፍሬን ያዝ፤ ጎማው ፊትም ኋላም ታኮ አስገባ። የእንጨት ታኮ ይሁን፣ ክብ ድንጋይ አብሮ ይንከባለላል። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር አትግባ፣ የብረት መቆሚያ ጨምርበት። ቀዳዳ የሚፈተሸው ደግሞ በካቻቪቴ ነው!

ክረምት ሲገባ ከፎገራ ጭቃ ተጎትተው የሚመጡት ጋንቾአቸው ተገንጥሎ ነው። "በይድልኝና ልሂድ" የማይል ሹፌር የለም። እኔ አልበይድም። ሙቀት የሻንሲውን ብረት ያደክመዋል፤ ስንጥቁ የሚወጣው ከብየዳው ጎን ነው። ፓራውልት (የመኪናው የፊትና የኋላ መከላከያ) ላይ ማሰርማ ባይነሳ ይሻላል።

በቡሎን እሰር፤ ራሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ። 8.8 ወይም 10.9 ካላየህ መልሰው። በ8.8 ላይ የፊተኛው 8 ብረቱ በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ድረስ ይችላል ማለት ነው። ቁጥር የሌለው ቡሎን በርካሽ ይገኛል፤ ሲበጠስ ግን ጋንቾው ከመጎተቻው ካቦ ጋር እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይመጣል። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክተህም አትጫን፤ ቡሎኑ ሳታውቀው ይሳባል። በቶርክ መፍቻ፣ አምራቹ ባለው ልክ አጥብቅ።

ቪትዝ ቀላል ናት። ጋንቾዋ ከክሪኩ ጋር ተቀምጧል፤ ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ክዳን አንስተህ እስከ መጨረሻው ማሰር ነው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪና ግን ጥርሱ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ ስለሆነ እምቢ ሲልህ አትታገለው።

ስትሞክር መጀመሪያ ካቦውን ቀስ ብለህ ወጥር፣ መሃሉ ላይ የረጠበ ጆንያ ጣል። ሰው ከካቦው ርዝመት በላይ ይራቅ። እኛ ሰፈር መኪና ሲጎተት ሰርግ ያለ ይመስል ሰው ይሰበሰባል፤ ሳታፍር አባር።

ከመጀመሪያው ጉተታ በፊት የቡሎኑን ዳዶና ሻንሲውን የሚያያይዝ ነጭ የቀለም መስመር አስምር። ሲመለስ መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ላልቷል።